ከጎኑ አትቅበሩኝ

ሉባባ እንድሪስ የልጇን ፋይል አንብባ ለመዝጋት ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀባት። የልጇ መሆኑን አላወቀችም። ፋይሉ ላይ ስም አይጻፍም፤ የሚታየው የጉዳዩ ቁጥር፣ የአመልካቿ ዕድሜና በአረንጓዴ የተሰመሩ አራት መስመሮች ብቻ ነው። ዘመኑ 2085 ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር፣ ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ኮምቦልቻ ባለው የምስክር ንባብ ጽሕፈት ቤት አራት አንባቢዎች ይሠራሉ። ሉባባ አራተኛዋ ናት። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ በዚህ ሥራ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆይታለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ትገባለች። ሻርፗን አስተካክላ ትቀመጣለች፣ መነጽሯን ትጠርጋለች፣ የመጀመሪያውን ፋይል ትከፍታለች። የድብደባውና የዝርፊያው ፋይል ተጨምሮ እስከ ምሳ ስምንት፣ ከምሳ በኋላ ስድስት ወይም ሰባት ታነባለች።

የምታነበው ምስክር የመዘገበችውን ነው። ሰው ሁሉ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ከአንገቱ ሥር፣ ቆዳው ውስጥ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ምስክር ትገባለታለች። ያደጉት ሰዎችም አዋጁ በወጣበት ዓመት ተሰልፈው አስገብተዋል። ምስክር አታይም፣ አትሰማም። የልብ ምትን፣ ትንፋሽን፣ የጡንቻን መወጠርና የጉሮሮን እንቅስቃሴ ብቻ ትጽፋለች። አንዲት ሴት ተደፈርኩ ብላ ስታመለክት የዚያ ሰዓት መስመሮች ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይመጣሉ። መሣሪያው አንብቦ ሐሳቡን ያቀርባል፤ አንባቢዋ አይታ ታጸድቃለች። ልብ ከፈጠነ፣ ጡንቻ ከተወጠረ፣ ጉሮሮ ከጮኸ ‹‹ትግል›› ይባላል፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይህ ካልታየ ‹‹ጸጥታ›› ይባልና ይዘጋል።

ምስክር ከመጣች ወዲህ የመደፈር ጉዳይ ቁጥር ወርዷል። አደባባዩ ላይ ያለው ሰሌዳ ፍርድ ቤት የደረሱትን በየወሩ ያሳያል፤ በጥቅምት ሦስት ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚያው ከተማ በወር ሰማንያና ዘጠና ይመዘገብ እንደነበር ልጆች በትምህርት ቤት ይማራሉ። ሉባባ በዚህ ትኮራ ነበር። ልጇ ሂክመት ትንሽ ሳለች፣ ድሮ ሴት ልጅ ስታመለክት ምን ለብሰሽ ነበር፣ ለምን ወጣሽ፣ ማን አየ ይሏት እንደነበር ነግራታለች። አሁን ማንም ምንም አይጠይቅም። ሰው ያዳላል፤ ምስክር አታዳላም። እንዲህ ብላ ነው ያሳደገቻት።

የዚያ ማክሰኞ ፋይል የአንዲት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሴት ነበር። የተመዘገበው ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። ልቧ መጀመሪያ ላይ ዘለለና ወዲያው መውረድ ጀመረ፤ ዘጠና ስድስት፣ ሰባ፣ ከዚያ አርባ አራት። ትንፋሿ አጠረ። ጡንቻዋ ላላ። የጉሮሮዋ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነበር። መሣሪያው ጸጥታ ብሏል። ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለው ፋይል አራት ደቂቃ አይፈጅም። ሉባባ ግን አርባ አራቷ ላይ ቆየች። የተኛ ሰው ልብ ትመስላለች፣ ትንፋሹ ግን የተኛ ሰው አይደለም። ተነሥታ ውኃ ጠጣች። ተመልሳ አጸደቀችውና የሚቀጥለውን ከፈተች።

ከሥራ ስትወጣ ብርቱካን ገዛች። ሂክመት ምግብ ከተወች ሁለት ሳምንት ሊሆናት ነበር።

ሂክመት ከከተማው ዳር ባለ የቲማቲም ግሪንሃውስ ትሠራለች። መልቀሙን ማሽን ነው የሚሠራው፤ የእሷ ሥራ የታመሙ ቅጠሎችን በዓይን መለየት ነው። ተጫዋች ልጅ ናት። ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ በቀጥታ ወደ አያቷ አልጋ ሄዳ የውሎዋን ወሬ ሁሉ ትዘረግፋለች። አያቷ እማ ሞሚና የሉባባ እናት ናት፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አትወርድም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሂክመት ስትመጣ ዝም ብላ ገላዋን ትታጠባለች፤ ከእራት በኋላ ደግማ ትታጠባለች። ሉባባ ምን ሆንሽ ብትላት ደክሞኝ ነው አለች። የወደደችው ልጅ ቢኖር ነው፣ ተጣልተው ይሆናል ብላ እናቷ ተወቻት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሉባባ ቤት ስትገባ ሂክመት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ሉባባ ወሬ ለመክፈት ብላ ብርቱካን መላጥ ጀመረች።

«እማ፣ አራት ቁጥር አንባቢ አንቺ ነሽ አይደል?» አለቻት።

አዎ፣ ምነው አለቻት። ሂክመት አንድ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ገፋችላት። መልስ በሕግ በወረቀት ነው የሚሰጠው። የጉዳዩ ቁጥር፣ ጸጥታ የሚለው ቃል፣ ከታች ያጸደቀው አንባቢ መለያ። አራት።

ሉባባ ሁለት ጊዜ አነበበችው። በመጀመሪያው ምን እንደሆነ አልገባትም። በሁለተኛው ገባት።

ሂክመት ነገሩን ያለ እንባ ነገረቻት። ሰውየው ይማም ነው። የፈረቃው ኃላፊ፣ ሦስት ቤት አልፎ ያለ ጎረቤት፣ ሚስቱ ከሉባባ ጋር አብራ ያደገች። ፈረቃው ሲያልቅ የችግኝ ክፍሉን ፓምፕ እንይ ብሎ አስቀራት። ከዚያ በኋላ ያለውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ያመለከተችው ለእናቷ ሳትነግር ነው፤ መልሱ ሲመጣ ልትነግራት አስባ። ምስክር ስላለች ማንም እንደማይጠይቃት ታውቃለች።

ሉባባ በዚያች ቅጽበት ከአፏ የወጣውን ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ልትመልሰው ትመኛለች።

«ለምን አልጮህሽም?»

ሂክመት አየቻት። አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ለመመለስ የምትጥር ትመስል ነበር።

«አላውቅም» አለች። «አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እኔ እዚያ አልነበርኩም።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችው እማ ሞሚና ናት። የተኛች መስሏቸው ነበር። ልጅቷን ተያት አለች፤ ትራሴን ከፍ አድርጊልኝ አለች። ሉባባ ከፍ አደረገችላት። አሮጊቷ ግድግዳው ላይ ያለውን የባሏን ፎቶ እያየች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ለልጆቿ ያልነገረችውን ነገረቻቸው።

በ2022 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ለፈተና ተመዝግባ ወደ ቤቷ ስትመለስ አራት ወንዶች መንገድ ላይ ጠብቀው ወሰዷት። አንዱ እንድሪስ ነው። ቀድሞ ሽማግሌ ልኮ አባቷ ገና ተማሪ ናት ብሎ መልሶታል። በሦስተኛው ቀን የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ስትወሰድ ድምጿን የሰማ አለ ወይ። ከመንገዱ አጠገብ ሲያርስ የነበረ ሰው ምንም አልሰማሁም አለ። ባትወድ ኖሮ ትጮህ ነበር ተባለ። በሳምንቱ ኒካ ታሰረ። ለፈተናው አልተቀመጠችም። እናቷ ልታጽናናት መጥታ፣ በእኛ ጊዜ እኮ የሚጠይቅም አልነበረም፤ አንቺን እንኳን ጠይቀውልሻል፣ አልሐምዱሊላህ በይ ብላታለች።

«ስድሳ ሦስት ዓመት ለምን አልጮህኩም እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ኖርኩ» አለች እማ ሞሚና። «አሁን ይቺ ልጅ ስትናገር ነው የገባኝ። ድምፅም እንደ ሰው ነው። ሲፈራ ጥሎ ይሸሻል።»

ሉባባ የተላጠውን ብርቱካን እንደያዘች ቀረች። አባቷን ትወደው ነበር። ትከሻው ላይ አድርጎ ገበያ ይወስዳት ነበር፤ ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው፤ ከሞተ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖት እንኳን ድምፁ የሚመስል ሰው ስትሰማ ዞር ትላለች። እናቷን፣ እሺ ትወጂው ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። እማ ሞሚና ዓይኗን ከፎቶው ላይ አነሣች። እንጀራውን አቅርቤለታለሁ፣ ሲታመም አስታምሜዋለሁ፣ አራት ልጅ ወልጄለት ሁለቱን ቀብሬያለሁ አለች። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም አለች። ከዚያ የሉባባን እጅ ያዘች።

«አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። ስሞት ከጎኑ አትቅበሩኝ። እዚያስ ልረፍ።»

በማግሥቱ ሉባባ ወደ አለቃዋ ቢሮ ገባች። አቶ ቢያድግልኝ ክፉ ሰው አይደለም። ሰምቶ አዘነ፤ በር ዘጋ፤ ሶፍት አቀበላት። ነገር ግን ያጸደቀች አንባቢ የራሷን ንባብ ልትከፍት አትችልም፤ ሌላውም አንባቢ የተዘጋ ጉዳይ አይከፍትም። ሉባባ ስለ አርባ አራቷ ጠየቀችው። ልብ እንዲህ ሲወርድ ምን ማለት እንደሆነ መሣሪያውን ማን አስተማረው አለች። አቶ ቢያድግልኝ የሚያውቀውን ነገራት። መሣሪያው የተማረው ምስክር ገና እንደገባች ዳኞች ከወሰኗቸው የድሮ መዝገቦች ነው፤ ጥፋተኛ የተባለባቸው እንደ ተፈጸመ፣ የተዘጉት እንደ ሐሰት ሆነው ገብተዋል። ጥፋተኛ የተባለባቸው የትኞቹ ነበሩ አለችው። ጩኸት የሰማ ሰው ያለባቸው፣ ቁስል ያለባቸው፣ ልብስ የተቀደደባቸው ናቸው አላት።

«ታዲያ መሣሪያውን ያስተማሩት እነዚያ ሽማግሌዎች ናቸዋ» አለች።

የትኞቹ ሽማግሌዎች ብሎ ጠየቃት። በሩን ከፍታ ወጣች።

ወደ ወንበሯ ተመልሳ የአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋን ከመጀመሪያው ከፈተች። ጸጥታ ብላ የዘጋቻቸው የመደፈር ጉዳዮች ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ነበሩ። አንድ በአንድ አየቻቸው። አራት ቀን ፈጀባት፤ አዲስ ፋይል አልነካችም። ልብ ዘሎ የወረደባቸው፣ ጉሮሮ ቀጥ ያለባቸው፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ሆኑ። አንዳንዶቹን ታስታውሳቸዋለች። አንዲት የአምሳ ዓመት ሴት ነበረች፤ ከፋይሏ ጋር በተያያዙት ቁጥሮች እንደሚታየው ሦስት ጊዜ አመልክታ ሦስት ጊዜ ጸጥታ የተባለች፤ በሦስተኛው ጊዜ ሉባባ ይቺ ሴት ሥራ የላትም እንዴ ብላ ለጓደኛዋ አውርታ ስቀዋል። ስማቸውን የምታገኝበት መንገድ የለም። ቁጥራቸውን ጻፈች፣ ንባቤ ስህተት ነበር ብላ ፈርማ ለበላይ መሥሪያ ቤት አስገባች።

መልሱ በታኅሣሥ መጨረሻ መጣ። በአንባቢ አራት ላይ አድልዎ ስለተገኘ ከሥራ ተሰናብታለች ይላል። የሂክመትን ጉዳይ በተመለከተም፣ አመልካቿ ከአንባቢዋ ጋር የሥጋ ዝምድና ስላላት ጉዳዩ እንደገና ሊታይ አይችልም ይላል።

ያን ጊዜ ሂክመት ቤት አልነበረችም። ሥራውን ትታ ደሴ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ገብታለች። የሄደች ዕለት ሉባባ ቦርሳዋን ይዛላት እስከ መናኸሪያው ሸኘቻት። መንገዱን ሙሉ ቃላት ስትፈልግ ቆይታ፣ መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል ልትናገር አፏን ከፈተች።

«ይቅርታ እንዳትጠይቂኝ እማ» አለች ሂክመት። «ዛሬ ከጠየቅሽኝ እምቢ ነው የምልሽ። እምቢ ልልሽ ደግሞ አልፈልግም።»

ይማም ሥራው ላይ ነው። ጠዋት በበሩ ሲያልፍ እንደ ድሮው ሰላም ይላል። ሚስቱ ግን መምጣት አቆመች።

እማ ሞሚና በጥር፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ሉባባ ፊቷን እያጠበቻት ሞተች። ምስክሯ የልቧን መቆም ስላስታወቀች ገና ጎረቤት ሳይሰማ ከከተማው መቃብር አስተዳደር መልእክት ደረሰ። አላህ ይዘንላቸው፣ ቦታቸው ተራ አሥራ አራት፣ ከባለቤታቸው ከአቶ እንድሪስ አሊ ጎን ነው ይላል። ባልና ሚስት በመዝገብ ላይ ካሉ ቦታውን መሣሪያው ራሱ ነው የሚይዘው።

ቀብሩ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በፊት መሆን አለበት። ሉባባ አስከሬኗን የሚያጥቡትን ሴቶች አስገብታ፣ ለወንድሟ ለሐሰን ደውላ፣ ለሂክመት ደውላ፣ ወደ አስተዳደሩ ሄደች። ስክሪኑ የመቃብር ቦታ ለመቀየር ምክንያት ምረጥ ይላል። ጎርፍ፣ መደርመስ፣ የፍቺ ማስረጃ። ሌላ የለም። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ፍቺ አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ከዚያ አዘነችላትና አንድ መንገድ አሳየቻት፤ በሕይወት ያሉት ልጆች በሙሉና ከሰፈሩ የቀብር ዕድር፣ ከቅሬው፣ ሽማግሌዎች አብዛኞቹ ከፈረሙ ምክንያት ሳይጠየቅ ይቀየራል። ቅጹን ሰጠቻት። አራት ሰዓት ሆኗል።

ሐሰን ከሐይቅ ከተማ መጥቶ ድንኳኑ አጠገብ ቆሞ ነበር። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የበኩር ልጅ ነው፤ አባቱን በመልክም በአረማመድም ይመስላል። ሉባባ ከሰው ለይታ ወደ አጥሩ ወሰደችውና ሁሉንም ነገረችው። ስለ ሂክመት በስልክ ነግራው፣ ምስክር ጸጥታ ካለች እኔ ምን እላለሁ ብሎ ዘግቶት ነበር። አሁን ግን እስከ መጨረሻው ሰማት።

«አባታችንን ከሞተ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ልታዋርጂው ነው?» አላት።

እናቷን ልታሳርፋት እንደሆነ ነገረችው። ሐሰን ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ በእጁ ጠቀለለው፤ ፈታው፤ እንደገና ጠቀለለው።

«እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ ሉባባ። በዓመቱ ነው የተወለድኩት። የምትዪው እውነት ከሆነ እኔ ምንድን ነኝ?»

«የእሷ ልጅ ነህ፣ ጋሼ።»

አልፈረመም። ጥሏት ወደ ድንኳኑ ገባ።

ሉባባ ተከትላው ገባች። ወንዶቹ በተቀመጡበት በኩል ሴት እንዲህ መጥታ ስትቆም የተለመደ አይደለም፤ ዱዓው ተቋረጠ። የቅሬው ሽማግሌዎች ሰባት ናቸው። ሉባባ ቅጹን ይዛ፣ እናቴ ተጠልፋ ተደፍራ ነው የተዳረችው፣ ከአባቴ ጎን አትቅበሩኝ ብላኛለች አለች። ቃሉን በቤተሰቧ ውስጥ በዚህ ሁሉ ዘመን በአደባባይ የተናገረ ሰው አልነበረም። 

ሀጂ መሐመድኑር ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ናቸው። አልተቆጧትም። ዘመኑ ነው ልጄ አሏት። የዚያን ጊዜ ብዙው ሰው እንዲያ ነው ያገባው፣ ኋላ ፍቅር ይመጣል፣ ልጅ ይመጣል፣ አላህ ያውቃል፤ የሞተን ሰው መክሰስ ደግሞ አይገባም አሏት።

«አባቴን አልከሰስኩም ሀጂ» አለች። «እናቴ የት መተኛት እንደምትፈልግ ነው የምነግርዎት።»

ቅጹን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቅጹን ያነሣው የለም።

በዚህ መካከል ነው ይማም ለቅሶ ሊደርስ የገባው። ነጭ ለብሷል። አሰላሙ ዓለይኩም ብሎ፣ ሐሰንን ጨብጦ አብሽር አለውና ከሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እጆቹን ዘርግቶ ለእማ ሞሚና ዱዓ ማድረግ ጀመረ።

ሂክመት ከደሴ ደርሳ ነበር። ለሰዎቹ ውኃ በጆግ ይዛ ከሴቶቹ በኩል ስትገባ አየችው። ቆመች። አልጮኸችም፣ አልወደቀችም፣ ጆጉን አልጣለችም። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ዓይኗ ተከፍቶ ነበር፣ የሚያይ ሰው ግን አልነበረበትም። ሉባባ ይህን ነገር አሥራ አንድ ዓመት በመስመር ስታየው ኖራለች። በሰው ፊት ላይ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ሮጣ ደርሳ ያዘቻት።

ሐሰንም አየ። የእህቱን ልጅ አየ፤ እሷ የምታየውን ሰውዬ አየ። ተነሣ። ምንጣፉን አቋርጦ ሄዶ ይማምን ክንዱን ያዘው።

«ተነሥ» አለው። «ከእናቴ ለቅሶ ውጣ።»

ይማም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ፤ ምን አደረግኩ ብሎ ጠየቀ።  ሐሰን እስከ መንገዱ ድረስ ክንዱን ሳይለቅ ወሰደው። ብቻውን ተመለሰ። ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ቅጹን አነሣና ፈረመ። ከዚያ ለሀጂ መሐመድኑር አቀበላቸው። እሳቸው አልፈረሙም፤ ግን አጠገባቸው ላለው አስተላለፉት። አምስቱ ፈረሙ።

እማ ሞሚናን ከመቃብሩ በስተ ምሥራቅ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ማንም ከጎኗ ያልተቀበረበት ቦታ ላይ ቀበሯት። ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመው አዩ። ሐሰን ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ እናቱን በራሱ እጅ አስተኛት። ሲወጣ ሉባባን አላያትም፤ በመንገዱ ሁሉ ብቻውን ሄደ። ከዚያ በኋላም የአባታቸውን ፎቶ እሱ ወስዶታል። ምን እንዳደረገው አልተናገረም፣ ሉባባም አልጠየቀችውም።

በሦስተኛው ቀን ሰደቃው አልቆ ወንዶቹ ሲበተኑ፣ እትዬ ዘምዘም የምትባል የሰባ ሰባት ዓመት ጎረቤት ቀረች። ሉባባ አጠገብ ተቀምጣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጉልበቷ አወራች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ያ ወረቀት እንዴት ነው የሚገኘው ብላ ጠየቀች። ሉባባ ለማን ነው አለቻት።

«ለእኔ ነዋ» አለች። «ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ አምስት ወቅት ይሰግዳል። ግን እኔንም ከሞሚና ጎን ቢያደርጉኝ።»

ስንት ዓመት አብረው እንደኖሩ ሉባባ ታውቃለች። ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አለቀሰች። እትዬ ዘምዘም ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት።

በማግሥቱ ጠዋት ሌሎች ሁለት መጡ። ከሰዓት በኋላ አራት። አንዷ እትዬ አሰገደች ናት፤ የእሷ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ቅጹ እዚያም ይሠራ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው የመጣችው። ሂክመት የዚያን ቀን ወደ ደሴ ልትመለስ ቦርሳዋን አዘጋጅታ ነበር። እናቷ ብቻዋን ከሁሉም ጋር ስትነጋገር፣ ስም ስትስት፣ ደግማ ስትጠይቅ ለጥቂት ጊዜ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ከዚያ ቦርሳዋን አስቀምጣ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣች። ዝቅ ያለች መቀመጫ ዱካ ስባ ተቀመጠችና ከፊቷ ያለችውን አሮጊት ሙሉ ስምዎ ማን ነው አለቻቸው። ሌላ ምንም አልጠየቀቻቸውም። ከሴቶቹም ምን እንደሆነባት የተናገረች አልነበረችም። የሚናገሩት ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ ከአጥሩ ሥር ስንት ቦታ እንደቀረ ነው።

ሂክመት የዚያን ቀን አልሄደችም።

አምስተኛው ቀን ላይ፣ የሚመዘገቡት ሴቶች ሊያልቁ ሲሉ፣ በሩ አጠገብ አንዲት ሴት ቆማ ነበር። ሠላሳ ዓመት አይሆናትም፤ የግሪንሃውሱን የሥራ ልብስ ለብሳለች። ሂክመት ታውቃታለች፤ በዚያው በይማም ፈረቃ፣ ከእሷ ሁለት መደዳ አልፋ የምትሠራ፣ ከማንም ጋር የማታወራ ሴት ናት። ሌሎቹ ሁሉ እስኪወጡ ጠበቀች። ሂክመት ሙሉ ስሟን ጠየቀቻት።

«እኔ ለመቃብር አይደለም የመጣሁት» አለች።

ሂክመት እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ጎኗ ወዳለው መደብ ሄደችና ጥግ ይዛ ቦታ ለቀቀችላት። ሉባባ ተነሥታ በሩን ገርበብ አደረገችው፤ ተመልሳም ወለሉ ላይ፣ ከሁለቱ እግር አጠገብ ተቀመጠች። ሴትዮዋ ለመጀመር ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ማንም አላጣደፋትም።